መልሱን የማያይ ፈተና

አለቃዬን በፊቱ እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው። ስለዚያ ዓመት ጥር እየጻፍኩ እሱን የማከብርበት አንጀት የለኝም።

ሸዋ ሮቢት የመጣሁት ተመድቤ ነው። መሥሪያ ቤታችን የመስኖ ቦዮችን መዝጊያ በኮምፒውተር የማንቀሳቀስ ሥራ ይሠራል። ድሮ ገበሬው የመረጣቸው የውሃ አባት ቦይ ለቦይ እየዞሩ፣ ዛሬ የእገሌ ተራ ነው እያሉ በእጃቸው የሚከፍቱትንና የሚዘጉትን የብረት መዝጊያ፣ አሁን በየቦዩ አፍ የተተከለ ሳጥን ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ ይከፍተዋል፣ ራሱ ይዘጋዋል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የተጻፈው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። አለቃዬ ጀመረው፤ ወንበር ሲያገኝ ለእኔ ተወልኝ።

ጣጣው የመጣው ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ነው። አዲሱ ኮምፒውተር አዲስ ኮምፓይለር ይዞ መጣ። ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። አሮጌው ዝምተኛ ነበር፤ አዲሱ ነዝናዛ ሆኖ ተገኘ። ዋናውን ፕሮግራም ብዙም ሳይናገረው አለፈና ፈተናዎቹ ላይ ሲደርስ ስክሪኑን በቢጫ ማስጠንቀቂያ ሞላው። ፈተና የምንላቸው ዋናው ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚያጣሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። «ማክሰኞ ጠዋት ውሃው የማን ነው?» ብለው ዋናውን ይጠይቁታል፤ መልሱ ከተጠበቀው ጋር ከገጠመ «አለፈ» ብለው ይጽፋሉ፣ ካልገጠመ «ወደቀ»።

አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሞ ቢጫውን አየና ፊቱን አጨማደደ። ከጥምቀት በኋላ ሳጥኖቹ ሊመረቁ ነው፤ እንግዶች ይመጣሉ፣ ፈተናዎቹ ሲሠሩ በትልቅ ስክሪን ሊያሳያቸው አስቧል። ቢጫውን አጥፊው አለኝ። አንድ በአንድ እያየሁ አስተካክላለሁ ስለው፣ ማየት ምን ያደርጋል፣ ኮምፓይለሩን ዝም በል የሚል አንድ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ጨምሪና ጨርሺ አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አለ። የተሠራው ግን ለሰነፍ አይመስለኝም።

እኔ አላጠፋሁትም። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት በጥርም ቢሆን ከቀትር በኋላ አያስቀምጥም፤ ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከማዕዘን ማዕዘን ያመላልሰዋል። አብዛኛው ማስጠንቀቂያ እውነትም ተራ ነገር ነበር። እዚህ ቁጥሩ ጠቦ እንዳይቆረጥ፣ እዚያ ይህ መስመር ከንቱ ነው የሚል ዓይነት። አስተካክዬ አልፋለሁ፣ አስተካክዬ አልፋለሁ። ከዚያ አንዱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ማስጠንቀቂያው ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ውጤት» ባልከው ቦታ መልስ አስቀምጠሃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልተጠቀመበትም።

ፈተናውን ከፍቼ አየሁት። ዋናውን ፕሮግራም «ዛሬ የማርያም በዓል ነው፤ ውሃው ለማን ይሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ይቀበላል። «ውጤት» ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ መልሱን ከምንም ጋር ሳያስተያይ «አለፈ» ብሎ ይጽፋል። የመጨረሻዋ መስመር፣ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የምትለዋ፣ የለችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ፈተና ዋናው ፕሮግራም ምንም ቢመልስለት ሲያሳልፈው ኖሯል። የጻፈው ማን እንደሆነ ሳይ አለቃዬ ራሱ ነው።

ይህ ፈተና ቀልድ የሚደረግበት አልነበረም። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በቀወት ወረዳና በዙሪያው ቆላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቦይ ነው የሚያጠጣው፤ ለዚህም የቆየ ደንብ አለ። የክርስቲያኑ ተራ በወሩ አሥራ ሁለት በሚካኤል ወይ በሃያ አንድ በማርያም ከዋለ፣ ዶማ አይነሳምና ውሃው ለሙስሊም ጎረቤቱ ይዞራል። የሙስሊሙ ተራ ዓርብ ከዋለ ደግሞ ጁምዓ ነውና ለክርስቲያኑ ይዞራል። ሁለቱ ይለዋወጣሉ፤ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም ማንንም አያመሰግንም። ሳጥኖቹ ይምጡ ሲባል ገበሬው እሺ ያለው ይህ ልውውጥ እንዳይነካ ቃል ተገብቶለት ነው።

ይህን የማውቀው ከመሥሪያ ቤት አይደለም። አከራዬ ሙስሊም ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦዩ ዳር ያለውን ማሳቸውን ራሳቸው ያርሳሉ። ከማሳቸው አጠገብ የአንድ ሽማግሌ ክርስቲያን ገበሬ ማሳ አለ፤ እሳቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። እትዬና ጋሼ ዓርብንና ማርያምን ሲለዋወጡ ዘመን አስቆጥረዋል። በዚያ ጥር እትዬ የሽንኩርት ችግኝ ገና አዛውረው ነበር። አዲስ የተዛወረ ችግኝ በቆላ ፀሐይ ውሃ ከዘለለው አለቀለት፤ ሌላ ችግኝ ፈልቶ እስኪደርስ ደግሞ ወቅቱ ያልፋል። እትዬ የዓመት ቀለባቸው በዚያ ችግኝ ላይ ነበር።

የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ። ፈተናው ወደቀ። ለምን ብዬ ስፈልግ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሳጥኑ ሰዓት የሚሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ «ቀኑ ሃያ አንድ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያየው የፈረንጁን ሃያ አንድ ነው። የፈረንጅ ሃያ አንድ ለእኛ ምንም አይደለም። ማርያም ስትውል ሳጥኑ ተራ የሥራ ቀን ነው ብሎ ያልፋታል፣ ውሃውንም ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ይለቀዋል። ዓርብ ግን በየትኛውም አቆጣጠር ዓርብ ነው፤ የዓርቡ ልውውጥ በደንብ ይሠራል። ሳጥኑ ለገበሬው በሙከራ የታየውም ዓርብ ቀን ነበር፣ አጨብጭበው ነው የሄዱት። እንግዲህ ሳጥኑ የእትዬን ዓርብ ለጋሼ ይሰጣል፣ የጋሼን ማርያም ግን ለእትዬ አይሰጥም። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በዕድሜያቸው ሁሉ አንዱ ያንዱን ሳይበላ የኖሩ ሰዎችን አንዱን በይ፣ አንዱን ተበይ ማድረግ ነው።

በዚያው ቀን አስተካከልኩት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ጥቂት መስመር ነው፤ ፈተናው አሁን መልሱን እያየ አለፈ። ደስ ብሎኝ ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄድኩ። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደግሞ የተናደደው በስህተቱ ሳይሆን በእኔ ነው።

«ይህ ፈተና ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያልፍ ነው የኖረው» አለኝ። «የጣልሽው አንቺ ነሽ።»

የጣልኩት እኔ ሳልሆን ያየሁት እኔ ነኝ አልኩት። ምረቃ ደርሶ የጸደቀ ፕሮግራም አይነካም አለ። ጥር ሃያ አንድ ከምረቃው ቀጥሎ ነው የምትመጣው፣ ችግኝ ይደርቃል አልኩት። ከምረቃ በኋላ ይታያል አለ። ደግሜ ነገርኩት፣ በጽሑፍም ሰጠሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ስመለስ የእኔን ማስተካከያ አውጥቶ ጥሎታል፤ ዝም በል የምትለዋን ትእዛዝ በራሱ እጅ ጨምሯታል። ስክሪኑ ጽድት ብሏል፣ አንድ ቢጫ የለም። ፈተናው እንደ ድሮው መልሱን ሳያይ «አለፈ» ይላል። እሱም እያየው ይስቃል።

ማታ ለእትዬ ነገርኳቸው። ራት እያቀረቡ ነበር፤ ሰፌዱን ይዘው ቆሙ። የገባቸው ቶሎ ነው። ቀጣዩ ተራቸው ዓርብ ይውላል፣ ያ ለጋሼ ይዞራል፤ የጋሼ ተራ ደግሞ ማርያም ላይ ነው የሚያርፈው፣ ያ ካልዞረላቸው ችግኙ ሳይጠጣ ይከርማል። ገበሬው የመረጠው የመስኖ ኮሚቴ ዘንድ ሄደው አመለከቱ። ኮሚቴው አለቃዬን ጠየቀ። አለቃዬ ሁሉም ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት አሳያቸው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ፊት ማን ይከራከራል?

ምረቃው ተካሄደ። ድንኳን ተጣለ፣ ንግግር ተደረገ፣ እንግዶቹ ጸዳ ያለውን ስክሪን አይተው ተደነቁ። የውሃ አባት ካባ ተደረበላቸውና ተሸኙ። ሳጥኖቹ በጓጉንቸር ተቆለፉ፤ ቁልፉን አለቃዬ ኪሱ ከተተው። ዓርብ ደረሰ፤ ሳጥኑ የእትዬን ውሃ ለጋሼ ሰጠ። ጋሼም ተቀብለው አጠጡ፤ ደንቡ ነውና ለምን አይቀበሉ።

ማርያም ዕለት ጠዋት እትዬ ቀሰቀሱኝ። አብረን ወደ ማሳው ሄድን። ችግኙ አንገቱን ደፍቷል፣ ጫፉ ገርጥቷል፤ እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ እንደማይቆይ ለማወቅ ገበሬ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰዓት ሲሆን ሳጥኑ ጓ አለና መዝጊያው ተነሳ። ውሃው በእትዬ ማሳ አፍ አልፎ ወደ ጋሼ ማሳ ገባ። እዚያ የሚቀበለው ሰው የለም፤ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ውሃው ትልሙን ሞላ፣ ሞልቶ ናደው፣ ዓርብ የጠጣው ሽንኩርት ላይ ተኛበት። ወዲህ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ወዲያ ኩሬ ሆኗል። በመካከሉ ያለው አንድ ድንበር ነው።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ለበዓሉ ደብረ ሲና ዘመዶቹ ጋ ወጥቷል፤ ቁልፉም አብሮት ወጥቷል። ከኋላው ጫጫታና የሳሕን ድምፅ ይሰማል። ነገርኩት። ሳጥኑን እንዳትነኪ አለኝ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ሰኞ ስመለስ አየዋለሁ። ሰኞ ምን ሊያይ ነው? የሚታየው እኮ አሁን ነው። ስልኩን ዘጋብኝ።

እትዬ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። ድንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ውሃው ሲያልፍ ያያሉ። ድንጋይ አነሳሁ። በሕይወቴ ዕቃ ሰብሬ አላውቅም፤ ያን ሳጥን ግን ለመስበር ከልቤ ተነሳሁ።

«አስቀምጭው ልጄ» አለኝ ከኋላዬ ድምፅ።

ጋሼ ናቸው። ከቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጫማቸው እርጥብ ሣር ሳይነካው፣ ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ኩሬ የሆነውን ሽንኩርታቸውን አዩ፣ የእትዬን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ። አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ ያባርሩሻል አሉኝ። እኔን ግን ከመሬቴ የሚያባርረኝ የለም አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ለእትዬ አስያዟቸው። ጎጆአቸው ሄደው ዶማ ይዘው መጡ። እትዬ ደነገጡ፤ ዛሬ እኮ ማርያም ናት፣ ይተዉ፣ ለእኔ ብለው በዓሉን አይሻሩ እያሉ ነጠላውን መልሰው ሊያለብሷቸው ሞከሩ። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው ማርያም ዕለት እንጨት እንኳ ፈልጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ዓርብ ያንቺን ውሃ ጠጥቻለሁ» አሏቸው። «ዛሬ ያንቺ ነው። የሰው ውሃ ማሳዬ ላይ አስተኝቼ ምን ብዬ ነው ማርያምን የምሳለማት?»

በዶማው ጀርባ የሳጥኑን ጓጉንቸር መቱት። ሦስቴ ይሁን አራቴ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጓጉንቸሩ ሲወድቅ እትዬ ፊታቸውን በነጠላው መሸፈናቸውን ነው። ጋሼ መዝጊያውን በእጃቸው አወረዱ፣ ወደ እትዬ የሚወስደውን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ትልም ለትልም ውሃውን እየመሩ አጠጡት። እኛ እናግዝ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከተሻረ በአንድ ሰው ይሻር አሉ።

ሰኞ አለቃዬ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። የመስኖ ኮሚቴው በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ግቢ ተሰበሰበ። አለቃዬ የተሰበረውን ጓጉንቸር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ጋሼን በንብረት ማውደም እከሳለሁ አለ፣ ሳጥኑ በትክክል እንደሠራ ለማስረዳትም ያቺን ወረቀት አወጣ። ሁሉም ፈተና አልፏል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ባለሙያዋ እዚህ አለች፣ ታረጋግጥላችሁ አለ። ያን ያህል ፈሪ አድርጎ ነው የቆጠረኝ።

ተነሳሁ። ፈተናው ይጠይቃል፣ መልሱን ግን አያይም አልኳቸው። ዋናው ፕሮግራም ውሃውን ለአጣዬ ሰው እሰጣለሁ ቢለውም «አለፈ» ይለዋል። ይህን አዲሱ ኮምፓይለር ነግሮን ነበር፤ እኔም ነግሬው ነበር፤ ሁለታችንንም ዝም አሰኘን።

እትዬ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ጠየቁ።

«ጠይቆ መልሱን ካልሰማ፣ ድሮስ ለምን ጠየቀ?»

አለቃዬ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለት ነገር ተናገረ። ክስ የሚባል ነገር የለም። ሳጥኑም እስከሚቀጥለው ሚካኤል ድረስ በዓላቱን ካላወቀ፣ ነቅለን በጋሪ ጭነን ቢሯችሁ በር ላይ እናራግፈዋለን።

አለቃዬ ያን ዕለት ማታ ራሱ ደወለልኝ። ያቺን ነገርሽን አስገቢያት አለኝ። ያቺ ነገሬ ከምረቃው በፊት ተጽፋ፣ ተፈትና፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ናት። አስገባኋት። በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት፣ ሚካኤልም ማርያምም በሥርዓት ዞሩ። የእትዬ ሽንኩርት ተረፈ፤ ያ ሁሉ ገርጥቶ የነበረ ችግኝ አንሰራርቶ ራስ አሰረ። የጋሼ ግን ያ የተኛበት ውሃ ሥሩን አበስብሶት ግማሹ ጠፋ።

ለበላይ የሄደውን ሪፖርት አንብቤዋለሁ። ስህተት የሚል ቃል የለበትም። «በተጠቃሚዎች ፍላጎት መሠረት የበዓላት አገልግሎት ተጨምሯል» ይላል፤ የሠራው አለቃዬ ነው ይላል። ለዚህም ደብረ ብርሃን ተጠርቶ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ አንጠልጥሎታል። ዝም በል የምትለዋን ትእዛዝ እኔ ባወጣኋት ቁጥር እሱ ይመልሳታል። እንዲህ ስንባባል እስካሁን አለን።

ጋሼ በማርያም ዶማ በማንሳታቸው ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ሄደው ነው የተናገሩት። ብዙ ስግደት ተሰጣቸው። ጉልበታቸው የታመመ ሰው ናቸው፣ ቁጭ ብለው ለመነሳት እንኳ ምርኩዝ ይፈልጋሉ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ገብተው በር ዘጉ። ማታ ላይ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ውሃ ሲሆን ተለዋወጥን። ይህንንስ በምን ልካፈላቸው?» አሉኝ።

ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ነው የማልፈው። ጋሼ ምርኩዛቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ይሰግዳሉ፤ ይወድቃሉ፣ መሬቱን ይዘው ይነሳሉ፣ ትንሽ ቆመው ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የተቀጣ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።